ከስልኩ ወዲያ ያለቀሰው ሕፃን

የብርጓል ስልክ ስታነሳ «ሃሎ» አትልም። ጆሮዋ ላይ ለጥፋው ዝም ትላለች። ደዋዩ «ሃሎ! ሃሎ! ኔትወርኩ ነው እንዴ?» እያለ ይጮኻል። እሷ ግን እያዳመጠች ነው። የምታዳምጠው የሚናገረውን ሰው ሳይሆን ከሰውየው ጀርባ ያለውን ነው፤ የበር ሲጢጥታ፣ የሬዲዮ ድምፅ፣ የሌላ ሰው ሳል። ያን ከለየች በኋላ ነው «እሺ፣ ማን ልበል?» የምትለው። የደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቿ «ሳጅን ጆሮዋ ደከመ» ይላሉ። ጆሮዋ አልደከመም። ይህ ልማድ የጀመራት በአንድ ስልክ ነው፤ ያ ስልክ ዛሬም ይከተላታል።

ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። መርማሪ ሲባል ብዙ ሰው የጣት አሻራና የደም ጠብታ የሚያሳድድ ይመስለዋል። በገጠር እሱ ብዙም አይገኝም፤ መርማሪው እስኪደርስ ግማሹ ቀበሌ ሬሳው የወደቀበትን ረግጦት አልፏል። የብርጓል የምታነበው የሰውን ጠባይ ነበር፤ አነባበቧም ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱን ተራ በተራ ልንገራችሁ፤ ሲሰሙት ቀላል ነው፣ ሲያስቡት ግን ያስደንቃል።

መጀመሪያ፣ ሬሳው እንዴት እንደተተወ ታያለች። ገዳዩ እንደወደቀ ጥሎት ከሄደ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ፊቱን ከሸፈነው ግን ያውቀዋል፣ ያን ፊት ማየት አፍሯል ማለት ነው። ቀጥላ ከቀብሩ ማን እንደቀረ ትጠይቃለች፤ በእኛ አገር የሰው ደም ያለበት ሰው ሟቹ ሲቀበር አፈር ለመመለስ አይደፍርም። ሦስተኛው ጥያቄ እሷ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ነው፦ ሞቱን ማን ቀድሞ አወቀ? ሬሳ ሳይገኝ ሞቱን የሚያውቅ ገዳዩ ነውና።

ሦስቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስቱንም አንድ ሳትዘል ተከትላ ነው ንጹሕ ሰው ያሰረችው።

ጊዜው ኅዳር 2010 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሁድ ነበር። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት ቀበሌ አያ አካለ ወልድ የሚባሉ አዛውንት የገብስ አውድማቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ሰው ያገኛቸው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከኋላ በዱላ ተመትተዋል። ፊታቸው በገዛ ጋቢያቸው ተሸፍኗል። የብርጓል ጋቢውን ገልጣ አየችና ማስታወሻዋ ላይ «የቅርብ ሰው» ብላ ጻፈች።

ሬሳው ተመርምሮ ሰኞ ተቀበረ። ከቀብሩ የቀረ አንድ የቅርብ ጎረቤት ነበር፤ አወቀ ይባላል። ዕድሜው አርባ ገደማ ነው፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ከሳምንት በፊት በመስኖ ውኃ ምክንያት ከአያ አካለ ወልድ ጋር ሰው ፊት ተጨቃጭቋል። ሰኞ ማታ ከመንገድ ሲገባ ፖሊስ ጠበቀው።

«እሁድ ጎሕ ሲቀድ እንዳላማው ቀሰቀሰኝ» አለ አወቀ። እንዳላማው የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ መሬታቸውን የሚያርሰውም እሱ ነበር። «‹አጎቴ በድንገት አረፉ። ማሬ አራስ ናት፤ መንገደኛ ሳያረዳት ሮጠህ ለባሏ ንገረው› አለኝ። ሄድኩ። ከባሏ ጋር ሆነን ሰው ወሬ ይዞ እንዳይገባ መንገዱን ስንጠብቅ ሰነበትን። መገደላቸውን ገና አሁን መስማቴ ነው።»

ማሬ የአያ አካለ ወልድ አንድያ ልጅ ናት። የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ነው ያገባችው፤ ያን ጊዜ ወንድ ልጅ ከወለደች ዐሥረኛ ቀኗ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ነውና። በአገሩ ልማድ አራስ መርዶ አትሰማም። ድንጋጤ ወተቷን ያደርቀዋል፣ እሷንም ይጥላታል ይባላል። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አባቷም ቢሞት ቤቱ ውስጥ ፊት አይጠቁርም። መርዶ በስልክም አይነገርም። ስለዚህ እግረኛ ይላካል፤ ባልየው ይሰማል፤ ለሚስቱ እየሳቀ ገንፎ ያቀርባል።

የብርጓል ይህን ሁሉ ታውቃለች። የዚያው አገር ልጅ ናት።

እንዳላማውን ጠየቀችው። አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ተዘግቷል። «እኔ? እኔ ራሴ ከሰው ጋር ነው ወድቀው ያየኋቸው። አወቀን እሁድ በዓይኔም አላየሁት።»

አንድ ሰው «ልኮኛል» ይላል፣ ሌላው «አልላክሁም» ይላል። የሚለያቸው የማሬ ባል፣ ይታያል ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደወለችለት። የአጨዳ ወቅት ስለሆነ እርሻ ላይ ያለ መስሏታል። ለምን እንደምትጠይቀው አልነገረችውም፤ መልሱን በምስክር አፍ ላለማስገባት ምክንያት አይነገርም፣ የሙያው ደንብ ነው።

«ፖሊስ ነኝ። እሁድ አወቀ እናንተ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሞቅ ባለ ድምፅ፣ «የለም፣ ማንም አልመጣም። ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ዘጋው።

በቃ። አወቀ ራሱ በአፉ ሬሳው ከመገኘቱ ከሦስት ሰዓት በላይ አስቀድሞ ሞቱን ማወቁን ተናግሯል፤ ማን እንደነገረው የሚመሰክርለት ግን ጠፋ። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ አገኘ። ወደ ማረፊያ ቤቱ ሄዳ፣ «ይታያል አልመጣም ብሏል» አለችው። አወቀ፣ «ደግ አደረገ» አለ።

ማስታወሻዋ ላይ «ፌዘኛ። ጸጸት የለበትም» ብላ ጻፈች። ያን ገጽ ዛሬም አልቀደደችውም።

አወቀ ታሰረ። እናቱ በየቀኑ ምግብ በአገልግል ይዘው የሁለት ሰዓት መንገድ ይመላለሱ ነበር። ገብሱ ሳይታጨድ ቆመ፤ ለነፍሰ ገዳይ ደቦ የሚወጣ ጎረቤት የለም። እንዳላማው ግን የራሱንም የአጎቱንም ገብስ አስገባ።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን የብርጓል አንድ የመዝገብ ሣጥን ቁልፍ አጣች። ቁልፉን የምታውቀው የሥራ ባልደረባዋ ዘመናይ ነበረች፤ ወልዳ ቤቷ ተኝታለች። ደወለችላት።

«ቁልፉ? መስኮቱ ሥር ካለው ጣሳ ውስጥ… ኧረ ቆይ ሳጅን፣ ይኼ ሆዳም አላስወራ አለኝ!»

ከዘመናይ ድምፅ ወዲያ አንድ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ ገና ዓለሙን ያልለመደ ለቅሶ። የብርጓል ቆማ ቀረች። ይህን ለቅሶ ሰምታዋለች። በዚያች ማክሰኞ ይታያል ዝም ባለባት ቅጽበት፣ ከጀርባው፣ ልክ እንዲህ። ያን ቀን ጆሮዋ ሰምቶት ልቧ ግን አልያዘውም፤ የጠበቀችው «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ ነበርና። ሰውየው እርሻ ላይ አልነበረም። አራሷ አጠገብ ነበር።

«ዘመናይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጎንሽ የተኛ ሰው መስማት የሌለበትን ነገር አሁን በስልክ ብጠይቅሽ ምን ትይኛለሽ?»

«ምን እላለሁ? ደህና ነን እልሻለኋ!» ሳቀች ዘመናይ። «መርማሪዋ አንቺ፣ ሙያውን የማስተምርሽ እኔ! ጡረታሽ ደረሰ መሰለኝ።»

የብርጓል አልሳቀችም። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለውን ማን ጠየቀው? እሷ ስለ ደህንነታቸው አልጠየቀችም።

በማግስቱ የደንብ ልብሷን አውልቃ ነጠላ ለበሰች፤ ቅቤ በቅል ይዛ በሚኒባስ ሄዳ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ወረደች፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሄደች። ይታያል ከአጥሩ በር ላይ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። በሹክሹክታ ማን እንደሆነች ነገረችው። መልስ ሳይሰጣት ከውስጥ፣ «ማነው? ምነው ደጅ አቆምካቸው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ከማርቆስ የመጣች ዘመድ ናት» አለ ይታያል፤ እንደገናም ያ የስልኩ ሞቅ ያለ ድምፅ።

ገባች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ማሬ ሃያ አምስት አይሞላትም። ፊቷ በቅቤ ወዝቷል፣ ልጁ ክንዷ ላይ ተኝቷል። «እትዬ፣ ይቅመሱ እንጂ፤ አራስ ቤት ገብቶ ገንፎ ያልቀመሰ አለ?» አለች። የብርጓል ቀመሰች።

«በአባቴ ቤት በኩል ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምነው ቀሩ? የልጅ ልጅ ተወልዶ እስካሁን!»

የብርጓል ዓመታት ሙሉ የሌላውን ሰው ውሸት ስትለይ ነው የኖረችው። አሁን ግን አፏ ውስጥ ገንፎ እንደያዘች አንድ ምክንያት ፈለገች፣ የመጣላትም አንድ ብቻ ነበር።

«አውድማ ላይ ናቸው» አለች።

ማሬ ከት ብላ ሳቀች። «የሳቸው ነገር! ገብሱን ከልጅ ልጃቸው አስበለጡ? ለክርስትናው ካልመጡ ስሙን እኔው አወጣዋለሁ ብላለች በሉልኝ። እሳቸው እንዲያወጡለት ብዬ እኮ ነው ልጄን ‹ማሙሽ› እያልኩ የያዝኩት።»

ከቤቱ ጓሮ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ይታያል ሁሉንም ነገራት። አወቀ እሁድ የደረሰው የእነሱ አጥቢያ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። እስቲ እናስላው፦ ሬሳው የተገኘው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ አወቀ የተነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሬሳው ሲገኝ መልእክቱን አድርሶ ጨርሷል። አወቀ ለይታያል የነገረውም «እንዳላማው ነው የላከኝ፤ በድንገት አረፉ» ብሎ ነበር፤ ደምም ዱላም አላነሣም። የነገሩትን የተናገረ መልእክተኛ ነበር። ሞቱን ቀድሞ ያወቀው ላኪው ነው።

«ታዲያ በስልክ ስጠይቅህ?»

«እንዴት ልበል? ማሬ ክንዴ ላይ ተደግፋ ነበር። ፖሊስ ሲሉኝ ወሬው ደረሰ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ዘግቼዋለሁ።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አወቀ ምን ሆነ?» አላት። እንደታሰረ አያውቅም ነበር። ስትነግረው ዛፉን ይዞ ቆመ።

እስቲ የእንዳላማውንና የይታያልን ክህደት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱን የተናገረው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ሁለተኛውን የተናገረው ሚስቱን የሚጠብቅ ባል ነው። በወረቀት ላይ ሲጻፉ አንድ ናቸው። የብርጓል ሁለቱንም አንድ መስመር ላይ ነበር የጻፈቻቸው።

እንዳላማው በማግስቱ ተያዘ። የይታያልን ቃል ስታነብለት አልካደም። ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ፣ በእውነት የገረመው ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «አራስ ቤት ድረስ ገቡ?» አላት። አጎቱ መሬቱን በማሬ ስም ሊያዛውሩ ነበር፤ በኋላ ራሱ ተናገረ። ከሁሉ በላይ የተማመነው ግን በዱላው አልነበረም። አወቀን ከቀብር የሚያስቀር ጉዳይ መርጦ፣ ብቸኛ ምስክሩንም ማንም ገብቶ ሊጠይቅ ከማይደፍርበት አራስ ቤት አደረገው።

አወቀን ራሷ አስፈታችው። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር። ሳትጀምረው አቋረጣት።

«ማሬ ሰማች?»

«አልሰማችም።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለና የእናቱን አገልግል አንሥቶ ወጣ። «ደግ አደረገ» ያለው ምን ማለቱ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ይታያል ማሬ እንዳትሰማ ብሎ እንደካደው፣ አወቀ ገና በሰማ ሰዓት ተረድቶታል። በክህደቱ የሚታሰረው እሱ መሆኑን እያወቀ ነው የመረቀው።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ማሬን አረዳት። የብርጓል መሄድ አልነበረባትም፤ ሥራዋ አልቋል። ሄደች፤ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። ማሬ ፊቷን ስትነጭ፣ ስትወድቅ፣ ሲይዟት ቆይታ በሴቶቹ መካከል አየቻት። ለቅሶዋ ለአንድ አፍታ ቆመ።

«አውድማ ላይ ናቸው አሉኝ» አለቻት።

ሌላ ነገር አልተናገረቻትም። ያን ዓመትም ከዚያ በኋላም።

የብርጓል ብዙ ውሸት ሰምታለች፣ አንዳንዱን ራሷም ለሥራ ተናግራለች፤ ያልፋል ትላለች። ይህኛው የማያልፈው ውሸት ስላልሆነ ነው። አያ አካለ ወልድ በእርግጥ አውድማ ላይ ነበሩ፤ እሷም ጋቢውን ገልጣ አይታቸዋለች። ኅዳር ሲመጣ፣ ገብስ ሲወቃ፣ ከማርቆስ ዳር እስከ ሮብ ገበያ ባለው መንገድ አውድማዎቹ ሁሉ ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ። እሷ በዚያ ወር በሚኒባስ ስትሄድ በመስኮት በኩል አትቀመጥም።

ስልኳ ሲጠራም ዝም ትላለች። በቅርቡ የደወለላት አንድ ወንድ ነበር። የብርጓል እንደ ልማዷ አዳመጠች፤ ከጀርባው በሬ የሚነዳ ሰው ጩኸትና የብዙ ሰው ዘፈን ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ በአቅራቢያው ውቂያ አለ።

«ሃሎ! ሳጅን! አወቀ ነኝ» አለ ድምፁ። «እናቴ ዐርፈዋል። በስልክ አይነገርም፣ አውቃለሁ። እርስዎ ዘንድ ሄዶ የሚያረዳልኝ፣ የምልከው ሰው ግን የለኝም።»

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ያን ቀን በመስኮት በኩል ተቀመጠች።