የሸማኔው ክረምት

ወረታ ላይ ክረምት ሲገባ እናቶች የሚያማርሩት ልጆቻቸውን ነው፤ ይርገዱ ግን የምታማርረው ባሏን ነበር።

ምክንያት ነበራት። አድማሴ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ፣ ከሥር እየረገጠ፣ ከላይ መወርወሪያውን እየወረወረ ነው የሚሠራው። ይህ ደረቅ አገር ላይ ምንም አይደል። ፎገራ ላይ ግን ሐምሌ ሲገባ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። የሩዙ ማሳ ይሞላል፣ መንገዱ ይሞላል፣ የአድማሴም ጉድጓድ ከሥሩ እየመነጨ እስከ አፉ ይሞላል። እንቁራሪት ይንጫጫበታል። ከዚያ ወዲያ መስከረም አልፎ መሬቱ እስኪጠነክር ድረስ ሸማኔው ሥራ ፈት ነው።

ሥራ የፈታ አድማሴ ደግሞ አያድርስ ነው። በጋውን ሙሉ ድምፁ የማይሰማው ሰው ክረምት ላይ ቤቱ ይጠበዋል። ወጡ ጨው በዛው ይላል፣ ጣራው አፈሰሰ ይላል፣ ዶሮዋን ሳይቀር ይቆጣል። ከቀትር በኋላ ጋቢውን ደርቦ ውልቅ ይልና አስፋልቱ ዳር ካለው የወይዘሮ ንብረት አረቄ ቤት ይሰየማል። ባለፈው ክረምት ከዚያ ወጥቶ ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ዳር ወደቀ። ከሐሙሲት በኩል የሚመጣ ሲኖትራክ ለጥቂት ስቶት አለፈ። ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተሸክመው ሲያስገቡት ይርገዱ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ክረምት አላይም ብላ ግን ቆረጠች። ምን ብታደርግ እንደማታይ አላወቀችም እንጂ፣ መቁረጡንስ ቆርጣ ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ጎረቤቷ ሸጌ እየተንገበገበች መጣች። ሸጌና ባሏ ሩዝ ገበሬዎች ናቸው፤ ክረምት ለእነሱ ጉንብስ ብሎ አረም የሚታረምበት ጊዜ ነው።

«እትየ ይርገዱ፣ እነዚህ ልጆች ሊገድሉኝ ነው» አለች። «እኔ ከአባታቸው ጋር ማሳ ውዬ ስመለስ ታናሽየውን፣ ዘሩን፣ ከርብ ወንዝ ዳር ነው የማገኘው። ወንዙ እንደሁ ሞልቶ ከብት ይወስዳል! ታላቅየዋ መባ ደግሞ ስልኳ ላይ ተተክላ ትውላለች። ብጠራት አትሰማ። በጋውን አስተማሪ ይዞልኝ ነበር፤ አሁን ማን ይያዝልኝ?»

ይርገዱ እየሰማቻት ዓይኗ ወደ በረንዳው ሄደ። አድማሴ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን መዳፉ ላይ ጥሎ፣ ውሃ የሞላውን ጉድጓዱን ያያል። የእኔስ ከአንቺዎቹ በምን ይለያል ልትል ዳድቷት ተወችው። ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት፤ መጣላትና ልቧን ደስ አለው።

«ዘሩን ነገ ላኪልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጅራፉን ይዞ ይምጣ። ደህናውን አይደለም፤ ራሱ የገመደውን፣ የተንሻፈፈውን።»

ቡሄ ሲቃረብ የወረታ ልጆች ጅራፍ ገምደው ማጮኽ ይጀምራሉ። ዘሩም በማግስቱ መጣ፤ የያዘው ጅራፍ ወፍራም ከቀጭን የተዘበራረቀ፣ ጫፉ የተፈታ፣ ሲያዩት የሚያሳፍር ነገር ነበር።

«አያ አድማሴ፣ አልጮኽ አለኝ» አለ።

አድማሴ በዓይኑ ጥግ አየው። ፊቱን አዞረ። ደግሞ አየው። የላላ ክር አይቶ ዝም የሚል ሸማኔ የለም፤ ይርገዱ ይህን አብራው ስትኖር አውቃለች። ጓዳ ሆና ጥጧን እየፈተለች በበሩ ቀዳዳ ትጠብቃለች።

«ማን ገመደው ይህን?»

«እኔ።»

«ጅራፍ አይደለም፣ የበግ አንጀት ነው! አምጣው ወዲህ!»

ፈታው። ቃጫውን አበጠረው። አንዱን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ይዞ፣ ሌላውን ለልጁ አስይዞ ያሳየው ጀመር። ልጁ ተሳሳተ፣ አድማሴ ጮኸ፣ ልጁ እንደገና ተሳሳተ፣ አድማሴ እንደገና ጮኸ። ከቀትር በኋላ ጋቢውን የሚደርብበት ሰዓት መጣና አለፈ። ጋቢው ከተሰቀለበት አልወረደም። ይርገዱ እንዝርቷን አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች፤ ደስታው ከአቅሟ በላይ ነበር።

በሳምንቱ በረንዳው ላይ መቀመጫ ጠፋ። አንዱ ጅራፍ ይገምዳል፣ አንዷ ጥጥ ትባዝታለች፣ አንዱ ክር ያጠነጥናል። ይርገዱ በጓሮ በኩል እናቶቹን እየዞረች ታነጋግራለች። «ልጅሽን ላኪው እንጅ፣ ምን ያደርግልሻል መንገድ ለመንገድ!» ስትል እናቶቹ ይመርቋታል። አድማሴም «ይህን ሁሉ ውሪ ማን ሰበሰበብኝ?» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ሲነጋ በረንዳውን የሚጠርገው እሱ ነው።

አንድ ቀን መባ ወንድሟን ልትጠራ መጣች። ስልኳን እንደያዘች ከምሰሶው ተደግፋ ቆመች፤ ቆመችና ቀረች።

«አያ አድማሴ፣ እኔ መሸመን ብማርስ?»

«ሴት ትፈትላለች እንጅ አትሸምንም» አላት ቀና ሳይል።

ከጓዳ የይርገዱ ድምፅ መጣ። «ማን አለ? አንተ ነህ ያልከው?»

አድማሴ አፉ ውስጥ አንድ ነገር አልጎመጎመ። ከዚያ አንድ እቅፍ ድር አምጥቶ ጫፉን ከምሰሶው አሰረ፣ ሌላውን ጫፍ ከመባ ወገብ አሰረ። ጉድጓድ አያስፈልገውም፤ ስፋቱም ለመቀነት እንጂ ለሌላ አይሆንም። ልጅቷ ስልኳን የት እንዳስቀመጠች እስኪጠፋት ድረስ ሠራች። በቡሄ ዋዜማ የዘሩ ጅራፍ ሰፈሩን ሲያናጋው፣ የመባ መቀነት ደግሞ የሸጌ ወገብ ላይ ነበር። ሸጌ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች ታሳያለች።

ይርገዱም ክረምቱን አለፍነው ብላ ሐሳቧን ጣል አደረገች። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አድማሴ ለቅሶ ሊደርስ ይፋግ ሄደ። ልጆቹ ባዶ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ይርገዱም እየፈተለች፣ «ምነው ያ ጉድጓድ ውሃው በወጣለት! ለእንቁጣጣሽ አንድ ሸማ ባወጣ ነበር» አለች። እንዲያው አለች። መባ ግን ተነሣች። «እኛ እንቀዳዋለን!» አለች። ሁሉም ጮኸ። ይርገዱም ከልጅ እኩል ሆና፣ የተቆረጠ ጀሪካኗን አቀበለቻቸው።

ፎገራ ተወልዶ ክረምት ላይ ጉድጓድ የሚያደርቅ ሰው የለም። ዋልካ አፈር ርሶ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ፣ ግድግዳውን ደግፎ የሚያቆመው ራሱ ውሃው ነው። ሩዝ ማሳ ላይ ያደጉት ልጆች ያውቁታል፣ ይርገዱም ታውቀዋለች። ደስታ ግን አስረሳቸው። እየዘፈኑ ቀዱ። ውሃው ጎደለ፣ እንቁራሪቷ ዘላ ወጣች፣ ታቹ ታየ። ዘሩ የመጨረሻዋን ቀድቶ ከመውጣቱ ግድግዳው እልም ብሎ ተንሸራተተ። የሽመና ዕቃውን የያዙት፣ የአድማሴ አባት የተከሏቸው ሁለቱ ምሰሶዎች ዘንበል፣ ዘንበል አሉና ጭቃው ውስጥ ተጋደሙ።

አድማሴ የደረሰው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆመ። ጭቃ የለበሱትን ልጆች አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ምሰሶዎቹን አየ። ቁጣ ቢቆጣ ይርገዱ በወደደች። እሱ ግን ጃንጥላውን እንደያዘ ዞሮ ወደ አስፋልቱ ወረደ።

«እትየ፣ እኛን ጠልተው ነው?» አለች መባ እያለቀሰች።

ይርገዱ ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችው ሰው በገዛ ጀሪካኗ ተገፍቶ ሲሄድ እያየች ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ በካፊያው ወጣች። ሲኖትራኮቹ ውሃ እየረጩ ያልፋሉ፤ በእያንዳንዱ ልቧ ድንግጥ ይላል። ንብረት ቤት ስትደርስ በሩን ገፍታ ገባች።

«አድማሴ የት አለ?»

ንብረት ብርጭቆ እያጠበች ቀና አለች። «በዚህ አልፏል። ጤና ይስጥልኝ እንኳ አላለኝ። ምን በደልኩት እቴ፣ ክረምቱን እንዳለ ከዳኝ እኮ!»

ይርገዱ በቆመችበት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ከዚያ በመጣችበት ተመለሰች፤ ጭቃው ጫማዋን ቢያወልቀው እንኳ ጎንበስ ብላ አላነሣችውም።

ቤት ስትደርስ አድማሴ ቀድሟታል። ያየህ የሚባለውን አናጢ ይዞ መጥቷል፤ ሁለቱም ትከሻቸው ላይ የባሕር ዛፍ አጣና አለ። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቅጣታቸውን ይጠብቃሉ።

«ምን ትገተራላችሁ!» አለ አድማሴ አጣናውን እያወረደ። «ያፈረሰ ይድፈን! አፈሩን መልሱት፣ ርገጡት፣ ይጥበቅ። ከእንግዲህ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። የሽመና ዕቃውን ከመሬት በላይ አቆመዋለሁ፣ እንደ ቆጥ ከፍ አድርጌ።»

ልጆቹ መጀመሪያ አላመኑትም። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ዘለው ገቡ።

ይርገዱ አጠገቡ ቆመች። «አንተ ሰው፣ ከመሬት በላይ አይሸመንም ስትል አልነበር ወይ? ስንት ክረምት ለምኜሃለሁ!»

አድማሴ ጭቃውን የሚረግጡትን ልጆች አየ። የገዛ ልጆቹ ክር ሳይነኩ አድገው ከተማ ገብተዋል፤ ከእሱ በኋላ ያን ጉድጓድ የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

«ለማን ብየ?» አላት።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከአድማሴ ቤት የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከፍ ካለው መቀመጫ ላይ አድማሴና መባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸማ ያወጣሉ። ሸጌ የሩዝ ቂጣ በሰፌድ ይዛ መጣች። «ልጆቼን ይዛችሁ ክረምቱን አሻገራችሁልኝ፤ በምን እመልሰው ይሆን?» ብላ መረቀቻቸው። ይርገዱ ማን ማንን እንዳሻገረ ልትነግራት አልደፈረችም። ፈገግ ብላ ቂጣውን ተቀበለች።

ሸጌ ስትወጣ አድማሴ እግሩን ሳያቆም፣ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሣ ጠራት።

«አንች ሴትዮ።»

«አቤት።»

«ሞግዚቶቼን ለከርሞው ካሁኑ ያዥልኝ። ሌላ ሰው እንዳይቀጥራቸው።»

ይርገዱ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። ባለፈው ክረምት ጭቃ ለብሶ ሲያስገቡት ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ቂጣውን ለልጆቹ ቆርሳ ማደል ጀመረች።