ከብስክሌቱ ሳልወርድ

ብስክሌት የገዛሁት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። በስደት ከምኖርበት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሾርላይን ውስጥ አንድ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ግቢው ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ አየሁና፣ ልገዛ የሄድኩትን መደርደሪያ ትቼ እሱን ጭኜ ተመለስኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ "ለማን ነው?" አለችኝ። "ለእኔ" ስላት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ውስጥ ገባች።

ያኔ ሥራዬ ኤርፖርት ነበር። መንገደኞችን ከተርሚናሉ ወደ ኪራይ መኪናዎች የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ክብ ስዞር ውዬ የትም ሳልደርስ ይመሻል። ቤት ስገባ እግሬ አርፎ አይቀመጥም፤ ሶፋው ላይ ሆኜ ጉልበቴን ሳርገበግብ ባለቤቴ "ኧረ እባክህ ቤቱን አታናውጠው" ትለኛለች። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ አማረኝ። ጤና ምናምን የሚባለው ኋላ ለጠያቂ ሁሉ የምሰጠው መልስ ነው።

መጀመሪያ ከሬኒየር ቢች ቤታችን ጎረቤት ከተማ ሬንተን ደርሶ መመለስ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር። በዓመቱ ግን ኦበርንን አልፌ የላሞቹ ግጦሽ እስከሚጀምርበት ድረስ እሄድ ጀመር። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ዳገቱንም ዝናቡንም ቻልኩት፤ ያልቻልኩት የአገሬን ሰው ነው። አበሻ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። አንድ ቀን ዝናብ እየደበደበኝ ስነዳ አንድ ታክሲ ነጂ ጎረቤታችን ከፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጋሼ፣ መኪናዎ ተበላሸ እንዴ? ከቤት ሳይወጡ ለምን ኮል አላደረጉልኝም? ፒክ አፕ አደርግዎት ነበር እኮ!"

"አልተበላሸም። እየተዝናናሁ ነው።"

"በዚህ ዝናብ?" ትክ ብሎ አየኝ። "ኦኬ... ሶ፣ ቤት ሁሉም ሰላም ነው?"

በሳምንቱ ከሥራ ተባሯል፣ መኪናውን ሸጧል፣ ከሚስቱም ተጣልቷል ተብሎ ተወራብኝ። በጣም ተናደድኩ። ብስክሌቱን ግን አልተውኩም።

ነገሬ የገባት እትዬ ብቻ ነበረች። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ናዝሬት ትኖራለች። ስደውልላት ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ዛሬስ የት ደረስክ?" ትለኛለች።

"ከላሞቹ አልፌ ወንዝ ጋ ደረስኩ።"

"እዚያ ማን አለህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?"

"ልመለስ።"

እስኪያስላት ትስቃለች። "አንተ ልጅ፣ ድሮም ቂጥህ መሬት አይነካም!"

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ እትዬ ስልክ ማንሳት ተወች። የምታነሳው ልጇ ሆነች። አንድ ጊዜ "ተኝታለች፣ ጋሼ" ትለኛለች፤ ሌላ ጊዜ "ጸበል ሄዳለች"፤ ሌላ ጊዜ "ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው፣ አያስቡ።" የእኛን ሰው አውቀዋለሁ። በሽታውን ጉንፋን ይለዋል፤ ሞትን ደግሞ በስልክ አይናገርም። መርዶ ውጭ አገር የሚደርሰው ዞሮ ነው። እዚያ ያለ ዘመድ እዚህ ላለ ሽማግሌ ይደውላል፤ ሽማግሌው ሰው ሰብስቦ ለሥራ ሳትወጣ በማለዳ በርህን ያንኳኳል።

የእኛን ሰፈር መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌ አሮጌ ነጭ መኪና ነበረቻቸው። ያቺ መኪና በጠዋት ከታየች ሁሉም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ማን ደጅ እንደምትቆም ያያል። ደግ ሰው ነበሩ። ለማንም በባዶ ሆዱ መርዶ አይነግሩም። መጀመሪያ "ቁርስ በልተሃል?" ይላሉ። አልበላሁም ካልካቸው አስቀምጠው ያበሉሃል፤ አፋቸውን የሚከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ሰመር ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ስልክ ሲጮህ ማንሳት እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል። ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ጠበቅ አድርጎ ከሳመኝ፣ ምን ሰምቶ ይሆን እላለሁ። ምግብ ቤት ስገባ ሁለት ሰዎች ወሬያቸውን ካቋረጡ ያዘዝኩትን ትቼ እወጣለሁ። ደህና አድርጌ የምተነፍሰው ኮርቻው ላይ ስሆን ብቻ ነበር። ያኔ ሞባይል በየኪሱ የለም፤ መንገድ ላይ ያለን ሰው ማንም አያገኘውም። እናም መንገዱን አስረዘምኩት። ከወንዙ አልፌ፣ ከቤታችን በሩቁ የሚታየው በረዷማ ተራራ ሰማዩን ሞልቶ እስከሚታይበት ድረስ መሄድ ጀመርኩ። ሰው በዚህ ዕድሜው እያለ ጉልበቴን ያደንቃል። ፍርሃት እንደሚያስሮጠኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ሳይነጋ ወጣሁ። በሕይወቴ ረጅሙን መንገድ የሄድኩት የዚያን ቀን ነው። ተራራው ሥር ካለች ትንሽ ከተማ ደረስኩ፤ ሙዝ በላሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ተመለስኩ። ሬንተንን ጨርሼ፣ ሐይቁን በቀኜ ይዤ ወደ ቤት ሳቀና ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ቀነስ ሲል ሰማሁና ዞር አልኩ። ነጯ መኪና ናት። ከኋላዋ የጎረቤታችን ታክሲ፣ ከእሱ ኋላ ሌላ የማውቃት መኪና። በማለዳ መጥተው አጥተውኝ፣ ቤት ሲጠብቁኝ ውለው፣ ስዘገይባቸው ፍለጋ መውጣታቸው ነበር።

ሽማግሌው አጠገቤ ደርሰው መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ና ግባ። ብስክሌቱን ከኋላ እንጭነዋለን።"

"እደርሳለሁ፣ ጋሼ። ቅርብ ነው።"

"ደክሞሃል።"

"አልደከመኝም።"

ቀስ ብለው ከጎኔ ነዱ። ከዚያ "ቁርስ በልተሃል?" አሉኝ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ እንኳን ቁርስ ምሳም አልፏል።

"አልበላሁም" አልኳቸው።

መቆም አልቻልኩም። ብቆም እትዬ ትሞታለች። እግሬ እስከዞረ ድረስ ገና ማንም ምንም አልነገረኝም። መኪኖቹ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ከእነሱ ኋላ የተሰለፈው ሰው ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ የእኛ ሰዎች ግን አንዳቸውም አልፈውኝ አልሄዱም። ስቸኩል የኖርኩት ሰውዬ፣ እግረኛ እስኪቀድመኝ ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ደጃችን ላይ ጫማ ተደርድሯል። ባለቤቴ ምግብ አቅርባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከነቁምጣዬ፣ ከነሄልሜቴ ተቀመጥኩ። አንዷን ጉርሻ አላመጥኳት፣ አላመጥኳት። ቤት ሙሉ ሰው ወለሉን እያየ ይጠብቃል፤ ማንም አላቻኮለኝም። ተራራው ሥር መድረሴን ለማን ነው የምነግረው እያልኩ አስባለሁ። አንዲት ቁራሽ ስትቀረኝ ለሁለት ቆረስኳት፤ የቀረችውን እንደገና ለሁለት ቆረስኳት። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የሚቆረስ ነገር ጠፋ።

ሄልሜቴን አወለቅሁና ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"በልቻለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው።