ከግንቡ የወጡት ሰዎች

ጋሼ የምንላቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ካረፉ ወር ሆናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ባህር ማዶ ካሌዶኒያን ሮድ ወዳለው አፓርታማቸው ስሄድ ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ ይዘው አገኛቸው ነበር። ጃፓን ውስጥ ተራራ አናት ላይ ስለተሠራው የቢቹ ማትሱያማ ግንብ የሚተርክ ነው። የጎንደር ልጅ ስለሆኑ ግንብ ይወዳሉ ብዬ አስብ ነበር።

«ሚሙራ የሚባሉ መሳፍንት ገዙት፤ ሞሪዎች መጥተው ነጠቋቸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የያዙት ሚዙኖያዎች ደግሞ ወራሽ አጡና አስረክበው ወጡ» ይሉኛል። ከዚያ መነጽራቸውን ያወልቁና፣ «ለመሆኑ የወጡት ሰዎች የት ሄዱ? መጽሐፉ የሚናገረው ስለገቡት ብቻ ነው። አንቺ እንግሊዝኛው ይቀናሻል፤ እስቲ ቼክ አድርጊልኝ» ይላሉ።

እሺ እላቸውና እረሳዋለሁ። የሽማግሌ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ግን ከልቤ ፈለግሁ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ በስልኬ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የአለቆቹ መጨረሻ ተጽፏል። የሴቶቹ፣ የልጆቹ፣ የአሽከሮቹ ግን የለም።

«አገኘሽ?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አላገኘሁም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እጄን ያዝ አደረጉና፣ «አይዞሽ፤ እኔም የፈለግኋቸውን ሰዎች አላገኘሁም» አሉኝ።

ነርሷም የጥየቃ ሰዓት አለቀ አለች።

በነጋታው እነማን እንደሆኑ ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ ነበር። እናቴን ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ጨንቆኝ እቀመጣለሁ። ተነስቼስ ማንን ልፈልግላቸው?