በበረንዳው ላይ የተዘረጋው ቴሌክስ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና ገና ከበሩ ሳልርቅ አንዲት የምታብረቀርቅ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አድርገው «አንቺ ሒሳብ ነው የተማርሽው አይደል?» አሉኝ።

ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ድሬዳዋ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን ጭነት ተቀብሎ ወደ መሀል አገር ያስተላልፋል። ያለነው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ ለባቡሩ ሰዎች በተሠራ ረጅም በረንዳ ባለው ቤት ውስጥ ነው። እኔ የፕላን ክፍል ነኝ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋብኝ፣ ከሰው ይልቅ ከቁጥር ጋር የሚያውለኝን ያን ክፍል ወድጄው ነበር።

ወረቀቷ ከቴሌክሱ ጋር የመጣች ማስታወቂያ ናት። መሥሪያ ቤቱ በሽቦ መስመር ጽሑፍ የሚልክ የራሱ ቴሌክስ የገባለት በዚያው ዓመት ነው፤ መኪናው ከሣጥኑ ሲወጣ ሁላችንም እንደ ሙሽራ ከበን አይተነዋል። በማስታወቂያው ላይ አንዲት ፈረንጅ ከመኪናው አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ከሥሯ «በደቂቃ አራት መቶ ፊደል» የሚል ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ አራት መቶ የሚለውን በቀይ አስምረውበታል።

«የተባልነው ይኼን ነው» አሉ። «እኛ ጋ ግን ግማሹንም አይልክ። ትናንት የፉርጎዎቹ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ጭነቱ ራሱ ሊቀድመው ምንም አልቀረው። መኪናው አዲስ ነው። መስመሩ አዲስ ነው። ታዲያ ምን ቀረ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ኦፕሬተሯ ቀረች። እጇ ከባድ ነው፤ ስትጽፍ ትዘገያለች። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከከተማ ውጭ ወዳለው ወደ ዋሂል መጋዘን የምትዛወርበትን ደብዳቤ እፈርማለሁ። አንቺ ሒሳቡን ሥሪና አንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ አብሮ ይያያዛል። በስሜት አዛወራት እንዳልባል።»

«እሺ ጓድ» ብዬ ወጣሁ። ኦፕሬተሯን ግን በደንብ አውቃታለሁ፤ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት የድሬ ልጅ ናት። በየቀኑ ቀትር ላይ ልጇን ለማጥባት እየሮጠች ቤቷ ትሄዳለች። ዋሂል ብትዛወር እዚያው ማደሯ ነው። ልጁ ያለ ጊዜው ጡት ይጥላል ማለት ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የትናንቱን የፉርጎዎች ዝርዝር የአማርኛ ረቂቅ ፊደል ቆጠርኩ፤ ለአራት መቶ አካፈልኩ። ያገኘሁት ሥራ አስኪያጁ ያሉትን ነው። በሒሳቡ ከሄድን መልእክቱ ከወሰደው ጊዜ በግማሽ ባነሰ መድረስ ነበረበት። እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ያላየሁትን ነገር መጻፍ አልወድም።

ተነስቼ ወደ ቴሌክሱ ክፍል ሄድኩ።

«መጣሽ ምሁሯ?» አለች ኦፕሬተሯ ዞር ሳትል። «ሰዓት ይዘሽ ቁሚባት ተብለሽ ነው?»

መዋሸት አልቻልኩበትም። «አዎ» አልኳት። ስለ ዋሂልም ነገርኳት።

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። «እንዲያ ነው?» አለች። ከዚያ አንድ ወንበር በእግሯ ሳበችልኝ። «ነይ ተቀመጪ አቦ። እስከ ዛሬ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጠኝ እንጂ ገብቶ ያየኝ የለም።»

መኪናው ሲሠራ ከቅርብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አስቀድማ መልእክቱን ስትጽፍ መኪናው ጣት በሚያህል ጠባብ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ቀዳዳ ይበሳል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የቀዳዳ አደራደር አለው። ጥብጣቡ ካለቀ በኋላ አዲስ አበባን ትጠራለች፤ ሲመልሱላት ጥብጣቡን ከጎን ላለው ማንበቢያ ታጎርሰዋለች። መኪናው መንኳኳት ጀመረ። እሷ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች።

«በይ አሁን እጄ የት አለ?»

እጆቿ አየር ላይ ናቸው፤ መኪናው ያለ እሷ ይሮጣል። የተቆጠረባት ጊዜ መስመሩ ላይ ያለው ነው፤ ስትልክ እጇ ከሌለበት ደግሞ እጇ ሊያዘገየው አይችልም። መኪናው ደግሞ ሲሮጥ በአንድ ልክ ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። በሰዓቴ ብለካው ማስታወቂያው እውነቱን ነው፤ አራት መቶው ልክ ነው። እጇም ልክ፣ መኪናውም ልክ፤ መልእክቱ ግን ይዘገያል። ታዲያ ጊዜው የት ይሄዳል? ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ አግኝቼ አላውቅም ነበር።

አንዱን መልስ ወዲያው አገኘሁት። መኪናው የእኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛውን የምትጽፈው በላቲን ፊደል ነው። እኔ አንድ ብዬ የቆጠርኩት ፊደል እዚያ ሲደርስ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይሆናል። የቆጠርኩት የእኛን ነው፤ ማስታወቂያው የሚቆጥረው የእነሱን።

«ኸረ ይኼን ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አልኳት።

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች።

ያም ቢሆን አልሞላም። ሒሳቡን እንደገና ስሠራው አሁንም ብዙ ጊዜ የትም ሳይገባ ቀረብኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወጣ። የድሬ ፀሐይ እስክትበርድ ቢሮ ይዘጋል፤ ከተማው ይተኛል። ኦፕሬተሯም ወደ ልጇ ሮጠች። እኔ ቀረሁ። የጠዋቱ ጥብጣብ ቅርጫት ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። አወጣሁትና ወደ በረንዳው ይዤው ሄድኩ። አንዱን ጫፍ በአበባ ማሰሮ አስያዝኩና እየፈታሁ ዘረጋሁት። በሥራ አስኪያጁ በር አልፎ ወደ መግቢያው ደረጃ ሄደ፤ አሁንም አላለቀም።

የቀዳዳውን ፊደል አላውቅም። ግን ብርሃን ላይ አንስቼ ሳየው አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፤ አንድ ረጅም የቀዳዳ አደራደር ይመጣል፣ ያልፋል፣ ቆይቶ ያው ራሱ ይመጣል። ተንበርክኬ ተከተልኩት። ይኼው፤ እንደገና ይኼው። ሌላም የሚደጋገም አገኘሁ። ሙቀቱን ረሳሁት፤ ጉልበቴ አቧራ መልበሱን ረሳሁት፤ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በአራት እግሬ እየሄድኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

«ያ ረቢ!» አለች ኦፕሬተሯ ከደረጃው። ልጇን አዝላ ተመልሳለች። «ምን ጠፋብሽ?»

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት የሚደጋገመውን በጣቴ እያሳየሁ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ቀዳዳውን እንደ ጋዜጣ ነው የምታነበው። «መፈክሩ ነዋ። የላይኛው።»

«ይኼስ?»

«አድራሻ። ከማን፣ ለማን፣ ቁጥር፣ ጉዳዩ። ይኼ ደግሞ የታችኛው መፈክር። ይቺ ቁጥሮቹን ለማረጋገጥ የምንደግማት ናት።»

«ፉርጎውስ የታለ?»

በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ከመሀል አጭር ቁራጭ ቆንጥጣ አሳየችኝ። «ይኸውልሽ ፉርጎው።»

ተያየን፤ ሁለታችንም ሳቅን። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነቅቶ አየን።

ለእያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ነበር የሚሄደው። ድሮ በፖስታ ጊዜ ለአንድ ፉርጎ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፤ ቴሌክሱ ሲመጣ ያው ልማድ ተከተለው። መኪናው የገባ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው «ቴሌክስም ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ያለ መፈክር ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለዋል። ሁላችንም አጨብጭበናል። እኔም ጭምር።

«አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው» አለች ልጇን እያስተካከለች። ጥብጣቡን አነሳችና በክንዷ እንደ አቡጀዲ ትለካው ጀመር። አንድ ሜትር ያህል ስትይዝ፣ ጠዋት መኪናው እሱን ያህል ለመብላት የፈጀበትን ጊዜ አስታወስኩ፤ አንድ ደቂቃ ነው። እዚያው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። በዚህ መኪና አንድ ሜትር ማለት አንድ ደቂቃ ነው። በረንዳው ላይ የተዘረጋው ወረቀት ጊዜ ነው። ጊዜ በመሬት ላይ ተዘርግቶ በእግር ሲኬድበት አይቼ አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? መፈክሩ ይቅር ብዬ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ጊዜማ ዋሂልም ታምረኛለች ወላሂ።»

ግን መፈክሩን ማስቀረት አያስፈልግም ነበር። ፉርጎዎቹ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ቢሄዱ አንድ መፈክር ከላይ፣ አንድ ከታች ይበቃል።

ከቀትር በኋላ ቢሮ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። በበረንዳው ላይ ስመጣ የምለውን ሁሉ ሦስቴ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግን ያጠናሁት ሁሉ ተደባለቀብኝ።

«መኪናው… ልክ ነው ጓድ» አልኩ። «አራት መቶው እውነት ነው።»

«እኮ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «እሱኑ ጻፊዋ። በይ ሂጂ፣ ነገ ጠዋት አምጪልኝ።»

«እጇም ልክ ነው» የሚለው ከንፈሬ ላይ እንዳለ ወጣሁ፤ በሩም ከኋላዬ ተዘጋ። ኦፕሬተሯ በረንዳው ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አየችና ልጇን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ነጠላዋን አጠበቀች። ማታ ቤቴ እስክደርስ ያን አዘላል በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ነው የሄድኩት። መናገር ካልቻልኩ ማሳየት እንደምችል የገባኝም በመንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ዘበኛው ገና በሩን ሲከፍት ነው የደረስኩት። የትናንት ጠዋቱን ጥብጣብ በሙሉ ከመግቢያው ደረጃ ጀምሬ እስከ ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ዘረጋሁት፤ የተረፈውን አጥፌ ከጎኑ መለስኩት፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጫንኩበት። ኦፕሬተሯ እንደደረሰች ፉርጎ ያለበትን እያሳየችኝ ቀይ ቀለም ቀባሁ።

«አብደሻል አቦ» አለችኝ፤ ግን ቀዩን ብልቃጥ ይዛልኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ ደረጃው ላይ ቆሙ። «ምንድን ነው ይኼ? በርበሬ ነው የምታሰጡት?»

«የትናንት ጠዋት ቴሌክስ ነው ጓድ» አልኩ። ድምፄ ወጣ። «አንዱ ሜትር አንድ ደቂቃ ነው። ቀይ የተቀባው ፉርጎ ነው።»

ጥብጣቡን ላለመርገጥ በዳር በዳር እያሉ መራመድ ጀመሩ። ቀይ ሲፈልጉ ዓይናቸውን አየሁት። ትንሽ ቀይ፤ ከዚያ ብዙ ነጭ። ትንሽ ቀይ። በራቸው ጋ ሲደርሱ ዞሩ።

«ነጩስ?»

«አድራሻ ነው። ቁጥር ነው።» የመጨረሻውን በጣቴ አሳየሁ። «መፈክር ነው።»

ኦፕሬተሯ መሬት መሬት አየች። ሥራ አስኪያጁ በበረንዳው ላይ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን ቃኙ።

«በዛ እያልሽኝ ነው?»

«አልበዛም ጓድ። የበዛው ደብዳቤው ነው። ፉርጎዎቹ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ቢሄዱ መፈክሩም እንደ ደንቡ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይሆናል።»

«ማስታወቂያው ታዲያ አልዋሸንም?»

«አልዋሸም። መኪናው ማስታወቂያው ያለውን ያህል ይሮጣል። ምን እንደምናስሮጥበት ግን ማስታወቂያው አያውቅም።»

ወደ ጥብጣቡ መልሰው አዩ። «አዲስ አበባ ይህ ምን ዓይነት አሠራር ነው ቢሉስ?»

«አርቃቂዋ እኔ ነኝ። ስሜ ከሥር ይግባ።»

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሥራ አስኪያጁ ገቡና የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡ። ወደ ቴሌክሱ ክፍል በር ሄደው ቆሙ። «በሉ ላኩ» አሉ።

ኦፕሬተሯ የዕለቱን ፉርጎዎች በሙሉ በአንድ ጥብጣብ ላይ በሳች። ስሜን ከሥር ስታስገባ ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። አዲስ አበባ መለሱ፤ ጥብጣቡ ተጎረሰ፤ መኪናው አንኳኳ፤ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ሻዩን ገና አላጋመሱም ነበር።

መኪናው በራሱ ተንቀሳቀሰና አንድ ቃል ጻፈ። ኦፕሬተሯ አነበበችው። «‹ሌሎቹስ?› ይላሉ። ሌላ ደብዳቤ የቀረ መስሏቸው ነው።» ከወንበሩ ተነሳች። «አንቺ መልሺላቸው።»

ተቀመጥኩ። በአንድ ጣቴ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለግሁ፣ ሁሉም እንደደረሳቸው፣ ድሬ ከጠዋቱ መሞቅ እንደጀመረች መጻፍ ጀመርኩ። መኪናው አንዴ ያንኳኳል፤ ይጠብቀኛል፤ አንዴ ያንኳኳል።

ሥራ አስኪያጁ በትከሻዬ በላይ አዩኝና ወደ ኦፕሬተሯ ዞሩ። «የዋሂሉ ደብዳቤ ቀርቷል» አሏት። «ከባድ እጅስ የዚህች ነው።»

እኔ «እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» የሚለውን ገና አልጨረስኩም ነበር፤ ቀጣዩን ፊደል መፈለጌን ቀጠልኩ።