ጠርዙ የቀረው ግድግዳ

መጠሪያ ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ውሃልክ» ነው የሚለው። ሴራሚክ ለጣፊ ነው። ጠማማ ግድግዳ ሲያይ ጥርሱን ያመዋል እያሉ ይቀልዱበታል።

የሰው መታጠቢያ ቤት ሲያሳምር ኖሮ የራሱን ግን ጀምሮ ትቶት ነበር። አሮጌውን አፍርሶ፣ አዲሱን ሴራሚክ እስከ መስኮቱ ድረስ ለጥፎ ሳለ ሌላ ሥራ ጠራውና ሄደ። የቀረው ጠርዙ፣ ማዕዘኑና በሴራሚኮቹ መሀል ያለው ክፍተት ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ሚስቱን ሲያባብል ስትሮክ መታው። አንደበቱ ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለ።

ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ውሎው ወንበር ላይ ሆነ። አንድ ቀን ሚስቱ ፎጣ ልታነሳ ዘወር ስትል፣ መስኮቱ ዳር ያለው የተቆረጠ ሴራሚክ ክንዷን ቧጨራት። ደሟን ስታጥብ በር ላይ ቆሞ አያት።

«ወንድምሽን እንዳትጠሪው» አላት። ወንድሟ የግድግዳ ልስን ሠራተኛ ነው።

«ታዲያ ማን ይጨርሰው? ጂኒ?»

«እኔ።»

ሳቅ አመለጣት። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

በማግስቱ ጠርዙን የሚሸፍነውን ቀጭን አሉሚኒየም በጉልበቱ አጣብቆ በግራ እጁ መገዝገዝ ጀመረ። መጋዙ እየዘለለ አበላሸው። ሁለተኛውን ቆረጠ፤ አጠረ። መጋዙን ወርውሮ ወጣ፤ ምሳ ቀርቦ ቢጠራም አልመጣም።

ከሰዓት ተመልሶ ሲገባ ሚስቱ እጅጌዋን ሰብስባ ተከተለችው።

«ምን ልያዝልህ?»

«ምንም።»

«እልህ ምላጭ ያስውጣል አሉ! እኔ ጫፉን እይዛለሁ፣ መጋዙ ያንተ።»

ሦስተኛውን አሉሚኒየም አቀበላት። እሷ ያዘች፤ እሱ ቀስ ብሎ ሰያፍ አድርጎ ቆረጠ። ሁለቱ ጫፎች መስኮቱ ጥግ ላይ ሲገናኙ ጥፍር እንኳ አያስገቡም።

ክፍተቱን የሚሞላውን ግራውት በግራ እጁ እየገፋ አስገባ። ትርፉን ለመጥረግ እርጥቡን ስፖንጅ ቀኝ መዳፉ ስር አደረገው። ጣቶቹ ባይጨብጡም መዳፉ መጫን ይችላል። ይህን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እያበሰ ብዙ ቆየ፤ መጽዳት ከሚገባው በላይም አበሰው።

ውሃ እንዳያስገባ ማዕዘኑን የሚደፍነውን ሲሊከን ባሰመረ ዕለት የሚስቱ ወንድም ሊጠይቀው መጣ።

«ጋሼ፣ ግሩም ነው! እዚህች ጋ ትንሽ ሸርተት ብሏል እንጂ። ደግሞስ ማን ያየዋል?»

«አንተ አየኸው አይደል?» አለና ምላጭ አንስቶ ሲሊከኑን እስከ ታች ላጠው።

«ኧረ በፈጠረህ!» ብትለውም ሚስቱ ወዲያው የወረቀት ፕላስተር ፈልጋ አመጣች። በማዕዘኑ ግራና ቀኝ ቀጥ አድርጋ ለጠፈችለት። እሱ ሲሊከኑን በመሀሉ አወረደ፣ ጣቱን አርሶ ዳበሰው፣ እሷ ፕላስተሩን ላጠች። መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ወንድምየው ጎንበስ ብሎ አየና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ብዙ ቀን ሳይቆይ ወንድምየው ደወለ። «ጋሼ፣ የምሠራበት ቤት ለጣፊዎቹ ጥለው ሄደዋል። ጠርዝና ማዕዘን የሚጨርስ ሰው ጠፋ።»

ውሃልክ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። ጆሮዋን ቀስራ ቆማለች።

«እንመጣለን» አለ። «ሁለት ነን።»