አባቴ የፈረሙበት ወረቀት

ነገር ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ቀን፣ አባቴ ከኤርፖርት ሥራቸው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤታችን ለስብሰባ የሄዱ ዕለት ነው። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን ካልተናገርኩ ግን ቁጣዬ የእብደት ይመስላል።

ልጅ ሳለሁ አሜሪካ፣ ካሮልተን በምትባል ከተማ፣ በአንድ አሮጌ አፓርታማ እንኖር ነበር። ከእኛ በታች ባለው ቤት ሚስ ዶሪስ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ፤ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ። እናቴ «እትዬ ዶሪስ» ስትላቸው ስሙን ለምደውት አቤት ይሉ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የጋራ ግሪል ላይ ዶሮ ይጠብሱልናል፤ ዶሮው አልቆ ፍሙ ዐመድ እስኪለብስ፣ የደረጃውን መብራት የእሳት እራት እስኪወርረው ድረስ፣ ገና ያልታተመ ተረታቸውን ያነቡልን ነበር። ያኔ ለእኛ ጨዋታ ነበር፤ ለእሳቸው ሥራ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። በአንድ እጃቸው ወረቀቱን፣ በሌላው እርሳስ ይዘው፣ ከመካከላችን አንዱ ጫማውን መነካካት ሲጀምር ያቺን መስመር ይሰርዛሉ። እህቴ ሰላም አንድ ቀን አፏን ከፍታ ስታዛጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ዋጥሽብኝ!» አሏት።

ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ጊዜ ያነበቡልን ስለ አንዲት ልጅና ስለ አያቷ ነበር። አያትየው በአንድ ሣር የበቀለበት ሜዳ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ። ሜዳው ድሮ የዋና ገንዳ ነበር፤ ጥቁር ልጆች ከሚዋኙበት ይቅር ተብሎ በአፈር ተደፈነ። ጭሱ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኔ እያለቀሰ፣ «ታዲያ ነጮቹስ ልጆች የት ዋኙ?» አልኳቸው።

እርሳሳቸውን አቆሙ። «እሱን አልጻፍኩትም» አሉ። «ቆይ፣ አሁን እጽፈዋለሁ።»

መጽሐፉ ሲታተም ጥያቄዬን ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ በልጅቷ አፍ ውስጥ አገኘኋት። ሳምንት ሙሉ ለክፍል ጓደኞቼ እያሳየሁ አሰለቸኋቸው። መጽሐፉ ትምህርት ቤታችን ገባ፤ ሚስ ዶሪስም መጥተው እንዲያነቡልን ቀን ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ወላጅ፣ ያቺ ገጽ ልጄን አስከፋችብኝ ብሎ አቤት አለ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ጥቂት ወላጆችን መርጣ ጠራች። አባቴ የሄዱት ለዚህ ነው።

እራት ላይ እናቴ ምን እንደ ተባለ ጠየቀቻቸው።

«ሳይን አድርግ አሉኝ፣ ሳይን አደረግኩ።»

«በምን ላይ?»

«የሆነ መጽሐፍ ነው፤ የጥቁሮች ጉዳይ። እኛ ሐበሻ ነን፤ ሶ ምን አገባን?»

በሳምንቱ ለየቤቱ ደብዳቤ መጣ። መጽሐፉ ከመደርደሪያ ተነሥቷል፤ የደራሲዋ ጉብኝት ተሰርዟል፤ በውሳኔው «ጥቁር ወላጆችም ጭምር» ተስማምተዋል ይላል። ከግርጌው የፈራሚዎቹ ስም ተዘርዝሯል። ከእነዚያ ሁሉ ጥቁሩ አንድ ሰው ነበር፤ አባቴ።

ግልባጩ ለሚስ ዶሪስም ደርሷቸው ነበር። ወርጄ በራቸውን ሳንኳኳ ወረቀቱን እንደ ያዙ ከፈቱልኝ።

«አባትህ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«ሰላም በላቸው» አሉኝ። በሩን የዘጉት በቁጣ አልነበረም፤ ቀስ ብለው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ያንን ደብዳቤ እየጠቀሱ ቀጠሮአቸውን ሰረዙ። ቀጣዩን መጽሐፋቸውን አሳታሚው አላትምም ብሎ መለሰባቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ልጃቸው ቤት ገብተው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ጀመሩ። ሌላ መጽሐፍ አላወጡም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲሰን በምትባል ከተማ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። መኪናዬን የሚያስቆም ፖሊስ ሐበሻ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ለትምህርት ቤቱ ስንት ጊዜ ጻፍኩ፤ ጉዳዩ የቆየ ነው አሉኝ። ምክትል ርዕሰ መምህሯን እጠላታለሁ፤ አልደብቅም። እሷ ግን የሚስ ዶሪስን ዶሮ አልበላችም። አባቴ በልተዋል።

ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልኝ እላለሁ። ተረቶቹን አብዛኛዎቹን ረስቻቸዋለሁ። የቀረልኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው የእኔን የሕፃኑን ጥያቄ ሰምቶ ሥራውን ማቆሙ ነው። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሰማኝ የለም፤ በገዛ ቤቴም ቢሆን። ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር አባቴ «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» ይሉና ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጉታል። እናቴም ሽማግሌ አታስጨንቅ ትለኛለች። አልተውም።

አባባ፣ ያ መጽሐፍ፣ ደረጃ ላይ በየቀኑ ሰላም ይሏቸው የነበሩት ሴት መጽሐፍ መሆኑን ሲፈርሙ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ካላወቁ ለምን ከፍተው አላዩትም? ካወቁስ ለምን ፈረሙ? ቴሌቪዥኑን ያጥፉና ይመልሱልኝ።