ሰሊጥ ተኝቶ አይሄድም

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአብደራፊ ደወለልኝ። ከኋላው ትራክተር ያጓራል፤ እሱ ደግሞ ከትራክተሩ በላይ ይጮኻል። «ፕሮፌሰር! ሞተሩ ተነሣ! ተነሣ እኮ!» ይለኛል። ከሰላምታ በፊት ሞተር የሚያስቀድም ተማሪ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁና፣ ለጡረታ የተቃረብኩ ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ በሐሳብ መተማ አጠገብ ወዳለችው ኮኪት ወረድኩ።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራዬን በሰሊጥ መውቂያ ማሽን ላይ አድርጌ፣ ክረምቱን ሙሉ በዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ወርክሾፕ ብረት ስቆርጥና ስበይድ ከረምኩ። መከር ሲደርስ የሰሊጥ ነዶ ከኮኪት በአይሱዙ አስጭኜ ጎንደር ድረስ አስመጣሁ። ነዶውን ለማሽኑ አጎረስኩና ከጎን የፈሰሰውን ፍሬ ለቅሜ መዘንኩ። ወይ ጉድ! የባከነው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አማካሪዬ ዶክተር ታደለ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ጽሑፌ ለአንድ ጉባኤ ተልኮ ተቀባይነት አገኘ፤ ትምህርት ክፍሉም ጽሑፉን አይቶ በመምህርነት ሊያስቀረኝ ቃል ገባ። ከዚያ ወዲያ መሬት መርገጥ ተውኩ። መምህር ከመሆን ሌላ ሕልም አልነበረኝማ!

በዓመቱ ጥቅምት የቀረኝ ማሽኑን እርሻ ላይ ማሳየት ብቻ ነበር። የጭልጋን ቁልቁለት ስንወርድ ነፋሱ እየሞቀ ሄደ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ኮኪት ስንደርስ አገሩ ሁሉ የደረቀ ሰሊጥ ይሸታል። ባለ እርሻው ሐጂ ኑሩ ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ በጥፍራቸው ቆርቆሮውን ኳ ኳ አደረጉና «ማሻ አላህ፣ ብቻ ይብላልን» አሉ። ለቁርስ የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ ማለትም በባሚያ ወጥ ቀረበልን። ወይካው እንደ ክር ሲሳብ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ሠራተኞቹ ሳቁብኝ።

ከሠራተኞቹ አንዱ አያ ሙላት ነበር። በየዓመቱ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ፣ ቀጭን፣ ነገረኛ ሰው።

ማሽኑን ከሠራተኞቹ ሰፈር አጠገብ ጥላ ሥር ተከልኩት። ሂላዎቹ ግን ማሳው መሐል ናቸው። ሂላ ማለት ነዶው እንዲደርቅ ቀጥ ተደርጎ የሚቆምበት ክምር ነው። ዶክተር ታደለ እኩለ ቀን ላይ ሊደርሱ ነው፤ እኔ እቸኩላለሁ።

«ነዶውን የትራክተሩ ተሳቢ ላይ አስተኝታችሁ ጫኑና ወደ ማሽኑ አምጡልኝ!» አልኩ።

አያ ሙላት ንቅንቅ አላለም። «መምህር ልትሆን ነው አሉ?» አለኝ።

«አዎ፣ ምነው?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ ወንድምዓለም። ሰሊጥ ተኝቶ አይሄድም።»

ደሜ ፈላ። ስንት ሌሊት ስሌት ስሠራ ያደርኩ ሰው በአጫጅ ልታረም? «ጫን ብያለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። አያ ሙላት ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ተሳቢው ወለል ላይ ዘረጋው፤ ከዚያ ነዶውን እንዳልኩት አስተኝቶ ጫነ። ትራክተሩ በማሳው ጉብታ ላይ እየተንገጫገጨ ማሽኑ ጋ ሲደርስ፣ ነዶውን አወረደና ጋቢውን በአራቱ ጫፍ ይዞ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ።

ጋቢው በሰሊጥ ተሞልቶ ነበር።

ያን ጊዜ የአይሱዙው ሹፌር ትዝ አለኝ! ጎንደር ግቢያችን ውስጥ ነዶውን ካራገፍን በኋላ የጭነቱን ወለል ጠርጎ ኩንታል ሙሉ ሰሊጥ ሲያፍስ አይቼው ነበር እኮ። «ለልጆችህ ይሁን» ብዬ መርቄዋለሁ። ለካ ማሽኔ ያላባከነው የሚባክነው ሁሉ መንገድ ላይ ስላለቀ ነው! ለጉባኤው የላክሁት ቁጥር ባዶ ነዶ የወቃ ማሽን ቁጥር ነበር። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ታዲያ እናንተ እንዴት ነው የምትወቁት?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እኛማ ሸራውን ወደ ሂላው እንወስዳለን። የደረቀ ሰሊጥ አፉ ክፍት ነው፣ ካጋደልከው ይፈሳል። ነዶው የሚገለበጠው ሸራው ላይ ነው፤ እስከዚያ እንደ ሙሉ ጠላ ዋንጫ ቀጥ አርገህ ትይዘዋለህ።»

ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሣሁ። ማሽኑ ይሂዳ! ብሎኑን ፈታን፣ ማሽኑን ለስድስት ተሸክመን ተሳቢው ላይ ጫንነው፣ ሂላዎቹ ጋ ወስደን ሸራውን ከሥሩና ከጎኑ አነጠፍን። ሐጂ ኑሩ ራሳቸው ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገፉ። ማሳው መሐል ሞተሩ ሲነሣ፣ አያ ሙላት የመጀመሪያውን ነዶ ቀጥ አድርጎ አምጥቶ የማሽኑ አፍ ላይ ገለበጠው። ፍሬው በማውጫው በኩል እየተንዠቀዠቀ ወረደ! ሠራተኞቹ እልል አሉ፤ እኔም አብሬ እንደ እብድ ጨፈርኩ።

ዶክተር ታደለ የደረሱት በዚያው ጭፈራ መሐል ነው። እጃቸውን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኳቸውና ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ወደሚወርደው ፍሬ ዞር ብለው አዩ።

«ማሽኑማ ይኸው ሠራ፣» አሉ በመጨረሻ። «ጽሑፉ ያንተ ነው። ከጉባኤው ይውጣ ካልክ ግን የመምህርነቱን ቦታ ለሌላ ነው የሚሰጡት፤ ያንን እወቅ።»

አወቅሁት። ማን ያየኛል? ጋቢው ተራግፏል፣ ሹፌሩም ሰሊጡን በልቶ ጨርሷል። ውስጤ ዝም በል እያለ ለመነኝ፣ እውነቴን ነው፣ ብዙ ለመነኝ። ከሰዓት በኋላ መተማ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ፣ ጽሑፌን ከጉባኤው ያስወጣሁበትን ደብዳቤ ጻፍኩ። መምህርነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እኔ እንደገና ለክቼ፣ እንደገና ጽፌ ለመግባት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሁለተኛው ቁጥሬ እንደ መጀመሪያው አያምርም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ማስተማር፣ ሦስተኛ ዲግሪ፣ ፕሮፌሰርነት፣ የኮሌጅ ዲንነት። በዲንነቴ ዘመን ስንቱን ተማሪ ቢሮዬ አስቁሜ «ይሄን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» እያልኩ አስለቅሻለሁ። እንደነሱ ተሳስቼ እንደማውቅ ግን ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላልኩም፤ አፍሬ ነው። አሁን ሳስበው፣ ከተናገርኩት ትምህርት ሁሉ በላይ የሚጠቅማቸው ያ ደብዳቤ ነበር። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን ነገርኳችሁ።